ከሕንድኛ በቀጥታ የተተረጎመችው እኅት

ግንቦት 7 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በሪሁን፣
የንጋት ኮከብ ሲኒማ ቤት ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም «የዘገየው ልጅ» የተባለው ፊልም ደራሲ፣ ተርጓሚና አዘጋጅ፤
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ።

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ሆይ! እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የሲኒማ ቤትዎ ወንበሮችና በወንበሮቹ ውስጥ ወልደው የከበዱት ትኋኖች ሁሉ እንደምን ሰንብታችኋል? ከሁሉ ይልቅ በፊልምዎ ምረቃ ዕለት ስለ ገዛ ድካምዎ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ የተናገሩበት ጉሮሮዎ ተሽሎት እንደሆነ ለማወቅ ልቤ ተሰቅሎ መሰንበቱን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ አገልጋይዎ፣ እርስዎ ባለፈው የካቲት ካሰናበቱኝ ወዲህ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎት። ስሜ ደምመላሽ ወርቁ ይባላል። በሳምንቱ ቀናት ምን አለሽ ተራ ተቀምጬ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የምሠራ ቀጥቃጭ ስሆን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ግን በአዳራሽዎ የኋላ ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ ከዚያው ከቆርቆሮ ባበጀሁት ጡሩምባ የሕንዱን ፊልም ለተመልካች በአማርኛ እናገር የነበርሁ ሰው ነኝ። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት እናገርለታለሁ፤ ሲያለቅስ አለቅስለታለሁ፤ ሲዘፍን ግን ዝም እላለሁ፣ ሰው ዘፈን ለመስማት አስተርጓሚ አይፈልግምና።

ሕንድኛ አለማወቄን እዚህ ላይ ሳልደብቅ ብናገር አይቆጡኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሲቀጥሩኝም አልጠየቁኝም። ልማዳችን እንዲህ ነበር፦ ቦምቤ ስምንት ዓመት ተቀምጠው የመጡት የጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ጠይብ ቅዳሜ ፊልሙን ቀድመው ያዩና ታሪኩን ይነግሩኛል፤ እኔም እሑድ ጨው ጨምሬበት ለሕዝብ አቀርበዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ያ የእናትና የልጁ ፊልም ሲመጣ ግን ጋሼ ጠይብ ለንግድ ተመልሰው ቦምቤ ሄደው ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ እኔም ጡሩምባዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ምን ላድርግ? ሥዕሉን እያየሁ ታሪኩን ራሴ ፈጠርሁት። ሕዝቡም ወደደው፤ ዐሥራ አንድ እሑድ ሙሉ ወንበር ጠፋ።

ከዚያ በየካቲት፣ ፊልሙ በወረደ ማግሥት፣ ክቡርነትዎ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። «የሌለ ነገር እየጨመርህ ፊልሙን ስላበላሸህና ታዳሚውን ስላሳሳትህ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል» ይላል። እውነት ነውና አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ። በዳግማይ ትንሣኤ ግን በአዳራሽዎ በር ላይ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ «የዘገየው ልጅ፤ ከሕንድ ቋንቋ በቀጥታ ተጠንቶ በክቡር አቶ በሪሁን የተተረጎመና በሀገራችን ተዋንያን የተሠራ» ይላል። ገብቼ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በፖስታ አሽጌ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ለመልስ ስላልታደልሁ፣ ይህንን ሦስተኛውን ግን የመርካቶ ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ ከማስታወቂያዎ አጠገብ ልለጥፈው ቆርጫለሁ። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። የሰውን ፊልም ወስደው በሀገርኛ ስለ ሠሩ አልከስዎትም፤ እንዲያውም አመሰግናለሁ። እኛ ምን አለሽ ተራ የምንውል ሰዎች ሌላው የጣለውን አፍርሶ አዲስ ነገር ማውጣት እንጀራችን ነውና አናፍርበትም። ዳሩ ግን ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ስንሠራ የፋብሪካውን ስም አንፍቅም፤ ኩራዙን ገልብጦ ያየ ሁሉ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ያነባል፣ የሚያፍርም የሚያሳፍርም የለም። የእርስዎን ፊልም ግን ብንገለብጠው፣ ብናገላብጠው፣ ከላይም ከታችም የምናነበው የእርስዎን ስም ብቻ ሆነብን። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ክቡርነትዎን ካየሁ ወዲህ ግን ተረቱን መጠራጠር ጀምሬአለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ፈረሱ። በሕንዱ ፊልም ልጁ ከፖሊስ የሚያመልጠው በነጭ ፈረስ ነው። እርስዎም ፈረስ ፈልገው ከአውቶቡስ ተራ የጋሪ ፈረስ ማምጣትዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን የጋሪ ፈረስ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ነውና፣ በመንገድ ዳር የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ተሳፋሪ እየመሰለው ይቆማል። ስለዚህ ጀግናችን ከሞት ሲሸሽ አራት ጊዜ ቆሞ እንደነበረ፣ በሦስተኛውም አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ሊሳፈሩ እንደቀረቡ አዳራሹ በሙሉ አይቷል። ዝናቡንም በበጋ የሠሩት ከሰፈራችን ቦኖ በጎማ ስበው ስለሆነ፣ ከዘፋኞቹ ኋላ እንስራና ባልዲ ይዘው ተሰልፈው ዐይናቸውን የሚያጉረጠርጡት ሴቶች በድርሰቱ ውስጥ ምን እንደሆኑ ቢያብራሩልን እንወዳለን። አንዷ የእኔ ባለቤት ናት። በዚያ ቀን ሽሮ ሳንበላ ማደራችንን ለኪነ ጥበብ እንደከፈልነው ቆጥረነዋል።

ሦስተኛ። ስለ እኅቲቱ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቢቀመጡ ይሻላል።

በሕንዱ ፊልም መጀመሪያ ልጁ ደክሞት ወደ አንድ ቤት ሲገባ አንዲት ቆንጆ ከጓዳ ወጥታ ውኃ ሰጠችው። ከቤት ውስጥ የወጣች ስለሆነች እኅቱ ናት አልሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለቱ በዝናብ ውስጥ እየዘፈኑ ይሯሯጡ ጀመር፤ ልጅቷም ፊቷን ደረቱ ላይ ደበቀች። አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው አጉረመረመ። እኔም ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ፣ በሕፃንነታቸው ተለያይተው ገና ዛሬ ስለተገናኙ ናፍቆት ነው አልሁ። ኋላ ደግሞ በሙሽራ ልብስ አጊጣ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እኅቱን ሊድር ነው፣ ሙሽራው መንገድ ላይ ስለዘገየ ወንድሟ ቦታ ይዞለት ነው ብዬ ጉዱን ተወጣሁት። ያን ቀን ያላበኝን ላብ እኔና ግድግዳው እናውቃለን።

በዘጠነኛው እሑድ ጋሼ ጠይብ ከቦምቤ ተመልሰው ገቡና ያዩ ጀመር። ከሣቅ ብዛት አግዳሚው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻም ሁለት ሰው ደግፏቸው ወጡ። ልጅቷ እጮኛው ኖራለች! እግራቸው ላይ ወድቄ ለማንም እንዳይናገሩብኝ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም የጨዋ ልጅ ናቸውና እስከዛሬ አልተናገሩም።

እንግዲህ ከሕንድኛ በቀጥታ በተረጎሙት ፊልም ውስጥ ወንድምና እኅት በሰፈራችን ቦኖ ውኃ ርሰው ሰባት ደቂቃ ሙሉ ተቃቅፈው ሲዘፍኑ ሳይ የተሰማኝን እንዴት ልግለጽልዎ? አንድ የዕድር ዳኛ ከፊቴ ተነሥተው «ኧረ በሕግ! ኧረ የሰማይ አምላክ ያያል!» እያሉ ቆባቸውን ሳያነሡ ወጡ። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ልጅ በሕንድ አገር እኅቱ አይደለችም። በዓለም ላይ እኅቱ የሆነችው በእኔ አፍ ውስጥ ብቻ ነበር። ጋሼ ጠይብም እንዲህ አሉኝ፦ «ሰውዬው ሕንዱን መች ተረጎመ! አንተን ነው እንጂ። ስሕተትህን ሳይቀር በሜትር ለክቶ ነው የወሰደልህ።» እኔ ሐሰተኛ አስተርጓሚ ተብዬ የተባረርሁበት ሐሰት በእርስዎ እጅ ሲገባ ጥናት መባሉን ስሰማ፣ ሥልጣን ምን ያህል የተባረከ ነገር እንደሆነ ተረዳሁ።

አራተኛ። ስለ ደመራው። በሕንዱ ፊልም መጨረሻ እንጨት ተቆልሎ ትልቅ እሳት ይነዳል። ጋሼ ጠይብ ኋላ እንደነገሩኝ ሕንዶች ሟቻቸውን የሚሸኙት በእሳት ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እናቲቱን ስላልገደልኋት፣ ለምን እንዳልገደልኋት ከታች እመጣበታለሁ፣ እሳቱን ባየሁ ጊዜ ሌላ መውጫ አጣሁና ልጁ ስለ ተመለሰ የሀገሩ ሰው በደስታ ደመራ ለኮሰ አልሁ። ሕዝቡም አጨበጨበ። እርስዎ ደግሞ በፊልምዎ ደመራዬን እንዳለ ወስደው፣ እናቲቱን ግን ገደሏት። ይኸውም በመርካቶ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እናት ሞታ፣ ሬሳዋ ሳይገነዝ፣ ጎረቤቱ ችቦ ይዞ እየዘፈነ ደመራ ሲዞር አየን ማለት ነው። በሚያዝያ! ክርስቲያኑ እስላሙን፣ እስላሙም ክርስቲያኑን እያየ ይህ የማን ልማድ ነው ተባባለ።

አምስተኛው ቀልድ የለበትም፤ እስካሁን የጻፍሁትም ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው።

በምን አለሽ ተራ ከእኔ መደብ አጠገብ ባዶ ጠርሙስ እያጠቡ የሚሸጡ እትዬ ሠርኬ የሚባሉ ሴት አሉ። አንድ ልጃቸው አስናቀው የዛሬ አራት ዓመት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ አሰብ ወደብ ሊሠራ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ከአሰብ የመጣ ሰው ሁሉ ሲጠየቅ አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ ባሕር ተሻገረ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጠርሙስ ይመርጣል። ያ ፊልም በመጣ በመጀመሪያው እሑድ እስኪ ትንሽ ይሣቁ ብዬ እኔ ነኝ ጎትቼ ያመጣኋቸው።

የሕንዷ እናት ልጇ ደርሶ አቅፏት ሳለ ዐይኗን ስትከድን፣ ክቡር ሆይ፣ እርሱን ለማወቅ ሕንድኛ መማር አያሻም፤ ሞተች። ሞተች ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያች ቅጽበት በሦስተኛው አግዳሚ ላይ እትዬ ሠርኬን አየኋቸው፤ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ከሥዕሉ ዞር ብለው እኔን ያዩ ነበር። አፌ በራሱ ጊዜ «ተኛች» አለ። «ልጇን አየች፤ ልቧ ዐረፈ፤ አራት ዓመት ያልተኛችውን እንቅልፍ ተኛች» አልሁ። ስለዚህ ፊልሙን ስለማበላሸቴ የጻፉት እውነት ነው። አውቄ አበላሸሁት፤ ዐሥራ አንዱንም እሑድ አበላሸሁት፤ እትዬ ሠርኬም ዐሥራ አንዱንም እሑድ መጡ። ሰኞ ሰኞ ጠርሙሳቸውን ሲያጥቡ ለገዢ ሁሉ የዚያችን ሕንዳዊት ታሪክ ይነግሩ ነበር፤ «እሷም ተስፋ አልቆረጠች፣ ይኸው መጣላት» እያሉ።

የእርስዎ ፊልም የወጣ ዕለት አዲስ ነጠላ ለብሰው ከሁሉ ቀድመው ገቡ። ዛሬማ በአማርኛ ነው፣ ደምመላሽ ሳያስፈልገኝ በገዛ ጆሮዬ እሰማዋለሁ ብለው ነበር። ሰሙም። የእርስዎ እናት ልጇ ከመድረሱ በፊት፣ በጠራ አማርኛ፣ «ልጄን ሳላየው ቀረሁ» ብላ ሞተች። ከእኔ ሳይወስዱ የቀሩት አንድ ነገር ቢኖር የእናቲቱን እንቅልፍ ነው። ሰዎች ለምን ገደሏት ብለው ሲጠይቁዎ «ሰው ካላለቀሰ ሁለተኛ አይመለስም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። በሕንድኛ የሞተችውን እናት እኔ አተርፋታለሁ፤ በአማርኛ የሞተችውን ግን ሁሉ ሰምቷታልና ማን ያስነሣታል?

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሠርኬ ሦስት ሳምንት መደባቸው ላይ አልተቀመጡም። ቤታቸው ሄድሁ። ጠርሙሱ እንደተከመረ ነው። ከሰላምታ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «አንተና ጌትዮው አንድ ፊልም ነው ያያችሁት አሉ። ማንኛችሁ ናችሁ የዋሻችሁኝ?» የዋሹት ክቡርነትዎ እንደሆኑ ዐይናቸውን እያየሁ ነገርኋቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደግሞም አይጸጽተኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ስሜ በማስታወቂያው ላይ ይግባ አልልም። እኅቲቱንም ይውሰዷት፣ እንዲያውም ቢቻል ይዳሯት። ፈረሱም ደመራውም የእርስዎ ይሁኑ። በየእሑዱ ግን የመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ሲደርሱ የፊልሙ ድምፅ ይጥፋና እኔ ከኋላ ልናገር። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ ሴትዮዋ ዐይኗን ትከድናለች፣ ልጁ ይገባል፣ ይንበረከካል፣ ደመራው ይነዳል። ድምፅ ከሌለ ማንም አልሞተም። እርስዎም ያንን የማይገባ እሳት የሚገባበት ታሪክ በነጻ ያገኙለታል።

ለዚህ በጎ ፈቃድዎ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ የሀገራችን ኪነ ጥበብ በእርስዎ ጥላ ሥር ሌላ ሰው ሳያስፈልጋት እንድታድግ፣ እርስዎም የሚተረጉሙት ቋንቋ ሁሉ ሳይማሩት እንዲገባዎ እየጸለይሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ የማያንስ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

የሥራ ባልደረባዎ ለመባል የማይደፍር፣ የድርሰትዎ ታናሽ ምንጭ፣
ደምመላሽ ወርቁ
ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ምን አለሽ ተራ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሰኞ ግንቦት 11 ቀን። ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ ሳይመቸኝ እሑድ ቀደመኝ። ትናንት በአዳራሽዎ እናቲቱ አልጋ ላይ እንደወደቀች ድምፁ ባልታወቀ ምክንያት ጠፋ። የፊልም ማሳያው መኪና ሠራተኛ ደመቀ በዚያች ሰዓት ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ እንደነበረ ስድስት ምስክር ስላለው፣ አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ አደራ እላለሁ። ከኋላ ግድግዳ ሥር አንድ ሰው እናቲቱ መተኛቷን፣ ልጁም ሊቀሰቅሳት ሳስቶ መንበርከኩን ተናገረ፤ ደመራው ሲነድም አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ወጥተን በር ላይ ስንደርስ ትልልቆቹ ነጋዴዎች እጅዎን እየጨበጡ ስለ አዲሱ መጨረሻ ሲያመሰግኑዎ፣ እርስዎም ደረትዎን ነፍተው «አዎ፣ ከመጀመሪያውም አሳቤ እንዳትሞት ነበር» ሲሉ ሰማሁ። አጠገቤ የቆሙት እትዬ ሠርኬም ሰሙ። ዞር ብለው «ይኸው፣ ደራሲው ራሳቸው መሰከሩ» አሉኝ። ዛሬ ጧት መደባቸው ላይ ተቀምጠው ጠርሙስ እያጠቡ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእኔ ከወሰዱት ሁሉ ይህን አንዱን ይመልሱልኝ አልልም። ይህ ደብዳቤ በአደባባይ ቢነበብ ወሬው እርሳቸው ዘንድ ይደርሳልና፣ ልለጥፈው ብዬ የጀመርሁትን በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ልኬዋለሁ። ግልባጩ ግን በእጄ ነው፤ እናቲቱ አንድ እሑድ እንኳ ብትሞት፣ ሰኞ ጧት በሲኒማ ቤትዎ በር ላይ ተለጥፎ ያገኙታል።